ለቅሶ ቤት የሳቁት ዶክተር

የብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከውሃ ፓምፕና ከመኪና ማቆሚያ ጭቅጭቅ ሌላ ነገር ተጽፎ አያውቅም። ስለዚህ የዚያን ዕለት ጠዋት፣ ኤርፖርት ካርጎ መጋዘን ውስጥ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ አላስቀምጥ ሲለኝ፣ «ደግሞ ማን የማን በር ላይ አቆመ?» ብዬ እየተነጫነጭኩ ከፈትኩት። የዶክተር መርሻ ፎቶ ነው። ያ ከላያቸው የማይወልቀው ቡናማ ኮት፣ ያ አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል የሚያደርጉት ነገር። ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ይላል። ባዶ ፓሌት ላይ ዘጭ አልኩ።

አለቃዬ ደንግጦ መጣ። «ጽጌ፣ ምን ሆንሽ?»

«ከላይ ያሉት ሰውዬ ሞቱ።»

«ዘመድሽ ናቸው?»

ዘመዴ አይደሉም። እሳቸው አራተኛ ፎቅ፣ እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ የሳቸው ወለል የኔ ጣሪያ ነው። በቃ እንዲህ ነው የምንዛመደው። ግን ለገዛ አጎቴ ያላለቀስኩትን አለቀስኩላቸው።

የተዋወቅነው በጠብ ነበር። ጠብ ላይ ደግሞ እኔን የሚችል የለም፣ ይኼን ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል። ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ወዳለው ቤታችን በገባሁ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ለሥራ ልታጠብ ቦይለር አብርቼ ፎጣ እያነሳሁ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሽበታም ሰውዬ፣ ከላይ ኮት ከታች ነጠላ ጫማ አድርገው ቆመዋል።

«ይቅርታ የኔ እህት፣ አሁን ቦይለር አበራሽ?»

«አዎ! በገዛ ቤቴ ቦይለር ለማብራት የማንን ፈቃድ ልጠይቅ ነው?»

«አይ፣ እሱስ መብትሽ ነው። ግን አንቺ ቦይለሩን ስታበሪ የመብራቱ ኃይል ይወርዳል። ኃይሉ ሲወርድ የኔ ኮምፒውተር ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ኤሌክትሮኖቼ ይበተኑብኛል።»

ኤሌክትሮኖቼ! በስመአብ! ዶሮ የሚያረቡ ነው እኮ የሚመስሉት። ያን ቀን ያልኩትን ሁሉ አልደግመውም፤ የቤት ኮሚቴውን፣ መብራት ኃይልን፣ የሳቸውንም ኮት አልማርኩም። እሳቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝና፣ ስጨርስ «እሺ፣ ከዚያስ?» አሉኝ።

ሊያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር። ለካ የምራቸውን ነው። ሌላ የምለው ካለ መስማት ፈልገው ነው። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም፣ ፎጣዬን እንደያዝኩ ሳቅ አመለጠኝ።

«ከዚያስ?» የሳቸው ቃል ነበር። ለባለሱቁ፣ ለዘበኛው፣ ለተማሪዎቻቸው፣ ለሁሉም ይቺው ናት። ዘበኛው «ትናንት ሌባ መጣ» ሲላቸው «ከዚያስ?»፤ «አባረርኩት» ሲላቸው «ከዚያስ?»፤ ሰውዬው ግራ ገብቶት «ከዚያማ ተኛሁ» እስኪል ድረስ አይለቁትም። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ቢወጡም፣ መጠየቁን ጡረታ ያወጣላቸው ሰው አልነበረም።

ዕለቱን አንድ ስምምነት አደረግን። ቦይለር ላበራ ስል በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዬን አንዴ ኳ አደርጋለሁ። እሳቸው በተረከዛቸው ወለሉን አንዴ ከመቱ «አብሪ» ማለት ነው። ሁለቴ ከመቱ «ቆዪ፣ ስሌት ላይ ነኝ» ማለት ነው። ስንት ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ እየታጠብኩ፣ ወደ ጣሪያው ቀና ብዬ የረገምኳቸው እኔና እግዜር ነን የምናውቀው።

በኋላ ግን ለምን እንደምቀዘቅዝ ማወቅ አለብኝ አልኩና ሻይ ይዤ ወጣሁ። ቤታቸው ኮምፒውተር፣ ወረቀትና ኦቾሎኒ ብቻ ነው። «ዶክተር፣ እነዚህ ኤሌክትሮኖች ምን ቢሆኑ ነው እኔን ውሃ የሚከለክሉኝ?» አልኳቸው። በዚያው ቅጽበት አውሮፕላን ተነሳ። ሮጠው መዳፋቸውን መስኮቱ ላይ ለጠፉ። ሁልጊዜ እንደዚያ ያደርጋሉ፤ አውሮፕላን ሲያልፍ መስታወት ሳይነኩ አይሆንላቸውም።

«ይንቀጠቀጣል አይደል? ይሄ ቀርፋፋው መንቀጥቀጥ ነው» አሉ። «የኔው ፈጣኑ ነው። ለመሆኑ መስታወት ለምን በውስጡ ያሳያል?»

«ስለታጠበ።»

ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ ነገሩኝ። መስታወቱ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ኤሌክትሮን አለ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ተቀምጧል። ተራ ብርሃን ሲመጣ ከመቀመጫቸው ሊያስነሳቸው አቅም የለውም፣ ስለዚህ ዝም ብሎ ያልፋል። እኛም በዚያ በኩል ሰማዩን እናያለን። ግን እጅግ ኃይለኛ የሆነ የሌዘር ብርሃን፣ እጅግ አጭር ሆኖ ቢመጣስ? ምን ያህል አጭር አልኳቸው። አንድ ሰከንድ ለሚሊዮን ይቆረጣል፣ ከዚያ አንዱ ቁራጭ ተወስዶ እንደገና ለቢሊዮን ይቆረጣል። የሌዘሩ ብልጭታ ከእነዚያ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚቆየው። ቢረዝም መስታወቱን ይሰነጥቀዋል፤ አጭር ስለሆነ ግን መስታወቱ ሳይሰበር፣ ለዚያች ቅጽበት ብቻ ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ ብረት ነገር ይሆንና ተመልሶ መስታወት ይሆናል።

«ወይ ጉድ! ማን አየው?»

«እሱን ነው የምንጠይቀው!» ብለው ብድግ አሉ። «አሁን ለቅሶ ቤት ነሽ እንበል። ትልቅ ሰው ገባ። ሰዉ ምን ያደርጋል?»

«ኖር ብሎ ይነሳል።»

«ሙሉ በሙሉ?»

«ኧረ ግማሽ። መቀመጫውን ትንሽ ከፍ ያደርጋል።»

«እንግዳው በእግዜር ሲልስ?»

«ይቀመጣል።»

«የት?»

«የት ይሆናል? ቦታው ላይ ነዋ!»

«በቃ! ሥራዬ ገባሽ ማለት ነው» አሉኝ። «ብርሃኑ እንግዳው ነው። ኤሌክትሮኖቹ ኖር ይላሉ፣ እንግዳው ሲያልፍ ቦታቸው ይቀመጣሉ። የኔ ስሌት ይሄንን ነው የሚያሰላው።» እኔም በኩራት ወረድኩ። ሻይ ይዤ ወጥቼ ሳይንስ ይዤ ተመለስኩ ብዬ።

አብራቸው የምትሠራው ሰላማዊት ትባላለች፣ የሐዋሳ ልጅ፣ ዶክትሬቷን የምትማር። እሳቸው ጡረታ ቢወጡም የሷን ሥራ ግን አልለቀቁም፤ ዩኒቨርሲቲው ያለው ትልቅ ኮምፒውተር ወረፋው ስለማያልቅ ስሌቱ የሚሠራው እኛ ደረጃ ላይ፣ በሳቸው ቤት ኮምፒውተር ነው። ደረጃውን ስትወጣ መዝሙር ታንጎራጉራለች። ስለዚህ መዝሙሩ የቆመ ቀን ወዲያው አወቅሁ። ስወጣ በሦስተኛና በአራተኛ ፎቅ መሃል ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውጭ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ያንን አጭር ሌዘር በእውነተኛ መስታወት ላይ ሞክረውት ነበር። ብርሃኑ ካለፈ በኋላ ትንሽ ኤሌክትሪክ ቀርቶ አገኙ። በዶክተርና በሷ ስሌት ደግሞ ምንም መቅረት የለበትም፣ ሁሉም ቦታው ተቀምጧልና። ዓመታት የለፋችበት ጽሑፍ የቆመው በዚያ ስሌት ላይ ነው። የፈተናዋ ቀን ተቆርጧል። ምክንያቱን ካላገኙ ፈታኞቹ ፊት የምትቆመው ስህተት ይዛ ነው።

«ልጅቷን የምጥላት እኔ ነኝ» አሉኝ ዶክተር። ከዚያ ወዲህ ኦቾሎኒው ሳይነካ ተቀመጠ። አውሮፕላን ሲነሳ ከላይ የሳቸው እርምጃ ወደ መስኮቱ ሲሮጥ አልሰማም። ጣሪያዬን ሳንኳኳ አንዴ ብቻ ይመታል፣ አብሪ። ሙቅ ውሃ እንደዚያ ያስጠላኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

በዚያው ሰሞን አንደኛ ፎቅ ያሉት የእትዬ ዘነበች ባል፣ ጋሽ ወርቁ አረፉ። እትዬ ዘነበች የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ እሳቸው እሺ ያሉት ይሆናል፣ እምቢ ያሉት አይሆንም። መኪና ማቆሚያው ላይ ድንኳን ተተከለና ሁላችንም ወረድን። ዶክተርና ሰላማዊት ከኔ ረድፍ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እሳቸው ድንኳን ውስጥ ይሁኑ እንጂ ልባቸው ሌላ ቦታ ነበር።

ሐጂ ሙዘይን ገቡ። የሰፈሩ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ ጺማቸው ነጭ፣ ሁሉም የሚያከብራቸው ሰው። ድንኳኑ በሙሉ «ኖር! ኖር!» አለ። «ኧረ በአላህ! ኧረ ቁጭ በሉ!» አሉ ሐጂ። ወንበር ግን አልነበረም። በሩ ጋ ያለው ሰው የራሱን ለቀቀላቸውና ወደሚቀጥለው ተጠጋ፣ እሱም ወደሚቀጥለው፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ረድፉ በሙሉ አንዳንድ ወንበር ወደ ውስጥ ገባ። ይሄ እንግዲህ በየለቅሶው የምናደርገው ነው፣ ማንም አያስተውለውም።

ዶክተር ግን ተገፍተው አዲስ ወንበር ላይ አረፉና የቀድሞ ወንበራቸውን ዞረው አዩት። ሰው ተቀምጦበታል። አንገታቸው ዘንበል አለ። ቀስ ብለው ረድፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

«ተጠጉ!» ብለው ጮኹ። «ተጠጉ እኮ! ቦታቸው አልተቀመጡም!» ብለውም ሳቁ። ፈገግታ አይደለም፣ ሳቅ። በጋሽ ወርቁ ለቅሶ!

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እትዬ ዘነበች ከነጠላቸው ውስጥ ቀና አሉ፤ ያን ዓይን አልረሳውም። ሽማግሌዎቹ ማጉረምረም ሲጀምሩ ኮታቸውን ጨምድጄ እየጎተትኩ አወጣኋቸው።

«ምን ነካዎት? አብደዋል እንዴ?»

እሳቸው የሚሰሙኝም አይመስሉም። «ጽጌ፣ አንቺ ለምን ተነሳሽ?»

«ሐጂ ስለገቡ ነዋ!»

«አይተሻቸው ነበር?»

አላየኋቸውም። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ነው የተቀመጥኩት። ሐጂ መሆናቸውን ያወቅሁት ከተነሳሁ በኋላ ነው። «ጎኔ ያለችው ስትነሳ ነው የተነሳሁት» አልኳቸው።

ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እኔ ሞኙ! ዕድሜዬን በሙሉ እያንዳንዱን ኤሌክትሮን ብቻውን ከብርሃኑ ጋር ሳፋጥጠው ኖርኩ! ማን ብቻውን ይነሳል? አንዱ ሲነሳ ሌላውን ያስነሳል፣ ሲቀመጥ ይገፋዋል። ከዚያ ረድፉ ትንሽ ተንሸራቶ ይቀራል። የቀረው ኤሌክትሪክ እሱ ይሆን እንዴ?» እኔን አይደለም የሚጠይቁት። ሰላማዊት ተከትላን ወጥታ ነበር፣ አፏን በመዳፏ ይዛ እሷም እያሰበች ነው።

ይሄ ሁሉ ዓመት ያንን የለቅሶ ምሳሌ ለሰው ሲነግሩ፣ «የት ይቀመጣሉ?» ሲሉ፣ ሁላችንም «ቦታቸው ነዋ!» ስንል፣ አንዳችን እንኳ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን አይተን አናውቅም ማለት ነው። እንደዚህ ያለ ነገር ሳስብ እስካሁን ይገርመኛል።

አዲሱ ስሌት ግን ከድሮው እጅግ ከባድ ነበር፤ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር ሊሰላ ነዋ። መብራቱ ሳይዋዥቅ ሌት ተቀን መሥራት አለበት። የኔ ቦይለር ብቻ አይበቃም፣ በደረጃችን ያሉት ቤቶች ቦይለርና ምድጃ ሁሉ ተራ መግባት ነበረበት። ይሄን ማዘዝ የሚችሉት ደግሞ እትዬ ዘነበች ናቸው፣ ዶክተርን ደረጃ ላይ ሲያገኙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ የሚያዞሩት እትዬ ዘነበች።

ሐዘኑ በረድ ሲል ይቅርታ ልንጠይቅ አብረን ሄድን። ዶክተር ኮታቸውን አስተካክለው፣ ያን ቀን እንኳ ጫማ አድርገው።

«በሰው ሬሳ መሳቅ ካንድ ዶክተር አይጠበቅም» አሉ እትዬ ዘነበች ገና ሳንቀመጥ።

«አጥፍቻለሁ። ምንም የምለው የለኝም።»

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካከሉና «ምን አይተው ነው ግን?» አሉ። ይሄ ጥያቄ ከሐዘኑ ቀን ጀምሮ ሲከነክናቸው እንደቆየ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል።

ዶክተር ተነሱ። የሳሎኑን ወንበሮች ጎትተው ደረደሩ፤ እኔን አስቀመጡኝ፣ አስነሱኝ፣ ገፉኝ። ስለ መስታወቱ፣ ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ሰላማዊት ፈተና ሁሉንም ነገሯቸው። እትዬ ዘነበች ወንበሮቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ።

«የወርቁ ቦታ ሁልጊዜ ከኔ በስተቀኝ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ያን ቀን በቀኜ ያለውን ወንበር ማንም እንዳይቀመጥበት ነጠላዬን ጣል አድርጌበት ነበር። ሐጂ ሲገቡ ተጠጋችሁ፣ ተጠጋችሁና ሰው ተቀመጠበት። እናንተ አላያችሁም። እኔ አየሁ።»

ዶክተር «ከዚያስ?» አላሉም። በሕይወቴ እሷን ቃል ሲውጧት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እንባቸው መጣ።

እትዬ ዘነበች ዓይናቸውን ጠራረጉና እሳቸው ራሳቸው ጠየቁ። «ከዚያስ? እነዚህ ኤሌክትሮኖችዎ አሁን ምን ሊሆኑ ነው?»

በማግስቱ ግሩፑ ላይ ትእዛዝ ወጣ። ቦይለርና ምድጃ በተራ፣ የልጅቷ ሥራ እስኪያልቅ። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ናቲ፣ ለእንጀራው ጌም ቤት የሚሠራ ጎረምሳ፣ «ሲሪየስሊ? ለኤሌክትሮን ብለን በቀዝቃዛ ውሃ ልንታጠብ ነው?» ብሎ ጻፈ። እትዬ ዘነበች የመለሱት «አዎ» ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጭቅጭቅ ሳይኖር አልቀረም፤ ግን አንድ የማላውቀው ነገርም መጣ። ሰዉ ደረጃ ላይ ሲገናኝ «እንዴት ነው፣ ተቀመጡ?» ይባባል ጀመር። ሐጂ ሙዘይን ሳይቀሩ ከሱቃቸው ሆነው ሰላማዊትን ሲያዩ «ዛሬስ የት ደረሱልሽ?» ይሏታል።

ስሌቱ አለቀ። ብርሃኑ ካለፈ በኋላ ኤሌክትሪክ ቀረ! በትክክለኛው አቅጣጫ። ግን ውጭ አገር ካዩት ያነሰ ነው፣ ግማሹ ገና አልተገኘም። የፈተናዋ ቀን ዶክተር ይዘውኝ ሄዱ፤ አንድም ቃል ባይገባኝም ኋላ ተቀመጥኩ። አንዱ ፈታኝ ኮስተር ብሎ «የጎደለውስ የት ሄደ?» አላት። ሰላማዊት «አላውቅም። ቀጥሎ የምጠይቀው እሱን ነው» አለች። ዶክተር ክንዴን ጨመቁት። ክንዴ እስኪያመኝ። አለፈች።

መድኃኔዓለም አካባቢ ካፌ ቁጭ ብለን ማኪያቶ ስንጠጣ፣ ዶክተር ባዶውን ብርጭቆ አንስተው ወደ ብርሃኑ ያዩታል። «ከዚያስ? ግማሹ የት ገባ?» ይሉታል፣ ብርጭቆውን። ልባቸው እንደሚያስቸግራቸው ሰላማዊትም እኔም የምናውቀው ነገር ነበር። ሐኪሙ ዕረፍት ያድርጉ ሲላቸው ምን እንዳሉት ገምቱ።

ያረፉት ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ነው፣ መስኮቱ አጠገብ።

ድንኳኑ እዚያው መኪና ማቆሚያ ላይ ተተከለ። እትዬ ዘነበች ሁሉን ነገር ያዙ። ዶክተር ቤተሰብ እምብዛም አልነበራቸውም፣ ድንኳኑ ግን ሞልቶ ነበር። ሰላማዊት ሐዋሳ ስለነበረች ዘግይታ ደረሰች። ለወጣት ልጅ ኖር አይባልም፣ ይሄ የታወቀ ነው። ድንኳኑ በር ላይ ስትታይ ግን እትዬ ዘነበች ተነሱ። ጎናቸው ያሉት ሐጂ ተነሱ፣ ከሳቸው ጎን ያለው ተነሳ፣ ከዚያ ሁላችንም። «ኖር!» አሉ ሐጂ፣ ያ ሁሉ ነጭ ጺም ይዘው ለዚያች ልጅ። «ኧረ በእግዜር! ምን ነካችሁ፣ ኧረ በእግዜር!» እያለች እዚያው በሩ ላይ በእንባ ታጠበች። በሩ ጋ ያለው ለቀቀላት፣ ተጠጋን፣ ተጠጋን። የቀድሞ ወንበሬን ዞሬ ሳይ ናቲ ተቀምጦበታል።

ሳቅሁ። ድምፄን አውጥቼ፣ በዶክተር መርሻ ለቅሶ፣ እንባዬ እየወረደ ሳቅሁ። ማንም አልተቆጣኝም። እትዬ ዘነበች ከሩቅ አዩኝና አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈን አደረጉ።

ድንኳኑ በተነሳ ማግስት ሥራ ልገባ በጠዋት ተነሳሁ። ፎጣዬን አነሳሁ፣ መጥረጊያውን አነሳሁ፣ እጄ በለመደው ጣሪያውን ኳ አደረግሁት። ካደረግሁት በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። መጥረጊያውን እንደያዝኩ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አይ ዶክተር፣ አልኩ ለራሴ፣ ዛሬስ ማን ይመልስልኛል። እጄን ወደ ቦይለሩ ማብሪያ ላክሁ።

ከላይ በተረከዝ ሁለቴ ተመታ።

ለካ ሰላማዊት ቁልፉን ወስዳ ገብታለች፤ ያንን የጎደለውን ግማሽ ልትፈልግ። እጄን ከማብሪያው ላይ አነሳሁ። በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብኩና ሥራዬ ሄድኩ።